የእናቴ ቪትዝ፣ ቀይዋ መብራትና የቄራው ዲናሞ ጠጋኝ

አዲስ አበባ በገባሁ በሦስተኛው ቀን የእናቴን ቪትዝ አስነሳሁ። ዳሽቦርዱ ላይ ያሉት መብራቶች በሙሉ በሩና ጠፉ። አንዲት ባትሪ የምትመስል ቀይ መብራት ብቻ ቀረች።

«እማዬ፣ ይቺ ምንድን ናት?»

«እሷማ ከርማለች፤ ተያት።»

ተውኳት።

ለክረምት አገር ቤት የሚገባ ሰው ብዙውን ጊዜ የዘመድ መኪና ይይዛል። ወንድሜ ለሥራ ክፍለ ሀገር ስለወጣ ቪትዟ ለኔ ደረሰችኝ። መንጃ ፈቃዴን አሳድሼ ስለነበር የሚያሳስበኝ ነገር የለም ብዬ ነበር። እዚህ ያገኘሁትን ሌላውን አገልግሎት በአጭሩ ልለፈው። ሻንጣዬ በሰላም ደረሰ። ሲም ካርዱ በግማሽ ሰዓት ወጣ። ፀጉር ቤት ሦስት ሰዓት ጠብቄያለሁ፤ ግን ያምር ነበር። ዛሬ መጻፍ የፈለግሁት ስለ ዲናሞ ነው።

አሜሪካ ኦልተርኔተር የሚሉትን እኛ ዲናሞ እንለዋለን። በቺንጋ፣ ማለትም በጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር እየዞረ ኤሌትሪክ የሚያመነጨው ዕቃ ነው። ባትሪ መኪናዋን ያስነሳል እንጂ አያኖርም። አንዴ ከተነሳች በኋላ የፊት መብራቱንም፣ ዝናብ መጥረጊያውንም፣ ሬዲዮውንም የሚቀልበው ዲናሞው ነው፤ ባትሪውንም መልሶ ይሞላል። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከፍዬ ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ቁልፉን ባዞረው ጠቅ ጠቅ ብቻ። ሰፈራችን ካለ ጋራዥ አንድ ልጅ መጣልኝ። የጋራዡን ስም አልጠራም። ኮፈኑን ከፈተ፣ ባትሪውን በመፍቻ ጫፍ ነካ ነካ አደረገና «ባትሪው ሞቷል እህት» አለ። ቴስተር የሚባል የቮልት መለኪያ አላወጣም። አዲስ ባትሪ 9,500 ብር፣ መግጠሚያ 500። መኪናዋ ወዲያው ተነሳች። ቀይዋ መብራት ግን እንዳለች ናት። ስጠይቀው «ባትሪው አዲስ ስለሆነ ነው፤ ትንሽ ስትነጃት ትጠፋለች» አለኝና አሮጌውን ባትሪ ተሸክሞ ሄደ።

እግረ መንገዴን ልንገራችሁ፤ አሮጌ ባትሪ ቆሻሻ አይደለም። ውስጡ እርሳስ ስላለ ገዢ አለው። አዲስ ስትገዙ በአሮጌው ልክ ዋጋ ቀንሱልኝ በሉ። ለኔ ይህን የነገረኝ ሰው የለም።

ከሁለት ቀን በኋላ ከሳሪስ ወደ ቤት እየተመለስኩ ነው። ነሐሴ ነው፤ ጊዜው መሽቷል፤ ሰማዩ ተቀዷል። መጥረጊያው፣ የፊት መብራቱ፣ የመስታወቱ ማሞቂያ፣ ሁሉም በርቷል። መጀመሪያ ሬዲዮው ዝም አለ። ቀጥሎ መጥረጊያው መስታወቱ መሀል ላይ እየደረሰ ማረፍ ጀመረ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሽማግሌ። የፊት መብራቱ ወደ ሻማነት ወረደ። ጎተራ ማሳለጫው ጋ ስደርስ ሞተሩ ጸጥ።

ከኋላዬ ጡሩምባው ቀለጠ። ሦስት ልጆች ከየት እንደመጡ ሳላይ መኪናዋን ከበዋት «እንግፋት!» ይላሉ። አንደኛው አንገቱን በመስኮት አስግጎ ማርሹን አየና «አውቶማቲክ ናት ባካችሁ፤ በግፊ አትነሳም» አላቸው። ዳር አስያዙኝ። አንድ ባለ ታክሲ ቆመና በ300 ብር ከራሱ ባትሪ በኬብል አስነሳልኝ። አመስግኜ ሄድኩ። ሜክሲኮ ሳልደርስ እንደገና ሞተች። ባለ ታክሲው ጠርጥሮ ከኋላዬ ይከተለኝ ኖሯል፤ ወርዶ መጣ።

«እህቴ፣ ይሄ ዲናሞ ነው። ባትሪ ማለት ጀሪካን ነው። ውኃው ካልመጣ ጀሪካን ብትቀይሪ ምን ዋጋ አለው?»

በፈረቃ ውኃ ለሚያገኝ ከተማ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አላውቅም። ቄራ አካባቢ ያሉ የአንድ ዲናሞ ጠጋኝ ስልክ ሰጠኝ። መኪናዋን አንድ ነዳጅ ማደያ ጥግ አቁሜ ለጥበቃው የሻይ ሰጥቼ በራይድ ቤቴ ገባሁ። እናቴ ሳትተኛ ጠበቀችኝ። «ታክሲ ብትሳፈሪ ምን ነበረበት?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በማግስቱ ጠዋት የጠጋኙ ረዳት የሞላ ባትሪ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ በሚኒባስ መጣ። ወያላው የዕቃ አስከፍሎታል። ባትሪውን ቀየረና «መብራት የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ ዝም ብለሽ ንጂ» አለኝ። በዚያ ባትሪ ብቻ ቄራ ደረስን።

ቤቱ የዛገ ኮንቴይነር ነው። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ዲናሞና ሞተሪኖ እንጠግናለን» ይላል። ውስጡ አሮጌ ዲናሞዎች በሽቦ ተንጠልጥለዋል፤ ሰፈሩ ቄራ ስለሆነ ነው መሰለኝ ሥጋ ቤት የገባሁ መሰለኝ። ባለቤቱ ስልሳውን ያለፉ ሰው ናቸው። የመነጽራቸው አንድ እጀታ በመዳብ ሽቦ ተጠግኗል። ሁሉም ጋሼ ነው የሚላቸው፤ እኔም ጋሼ አልኳቸው።

ጋሼ ከምንም በፊት ቴስተር አወጡ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው ላይ 12.5 አሳየ። አስነሺ አሉኝ፤ 12.2 ሆነ።

«ይሄ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ ነበረበት። እስቲ መብራት አብሪ።»

11.8።

«አየሽ ልጄ? እየበላ ነው እንጂ እየሰጠ አይደለም።»

ይኸው ነው። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ያኛው ጋራዥ ይህችን ሁለት ደቂቃ ቢያጠፋ 10,000 ብሬ ኪሴ ይቀር ነበር። ጋሼም አሮጌው ባትሪ ቻርጅ ቢደረግ ሊሠራ ይችል እንደነበር ነገሩኝ። በኋላ ያንን ጋራዥ ሄጄ ስጠይቃቸው «ባትሪውም ቢሆን አርጅቶ ነበር» አሉኝ። ተውኩት።

ረዳቱ ነገሩን ለማረጋገጥ «ጋሼ፣ ፖሎውን ነቅለን እንየው?» ብሎ እጁን ወደ ባትሪው ሰደደ። ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ መንቀል የድሮ መፈተኛ ነው፤ መኪናው ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው ይባላል። ጋሼ ጮኹበት። «ኮምፒውተሯን አቃጥለህ ልትከፍል ነው?» የዛሬ መኪና በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ ስለሆነ ባትሪው በድንገት ሲለያይ ቮልቱ ሽቅብ ሊዘልና ሊያበላሸው ይችላል። ማንም ይህን ሊያደርግባችሁ ሲል እጁን ያዙት።

ቺንጋው ላላ፣ ብሎኖቹ ተፈቱ፣ ዲናሞው ወጣ። ጋሼ ጠረጴዛቸው ላይ ለሁለት ከፈሉትና ከውስጡ ሁለት ጥቁር ነገሮች አውጥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ካርቦን ይሉታል። አዲሱን ከጎኑ ሲያኖሩት የትንሽ ጣቴን አንድ አንጓ ያህላል። የኛው አልቆ የሩዝ ፍሬ አክሏል። ካርቦኑ የሚሽከረከረውን ክፍል እየነካ ኤሌትሪክ ያቀብለዋል። ሲያልቅ መንካት ያቆማል፤ ካልነካ ደግሞ ዲናሞው ዝም ብሎ ይዞራል እንጂ ምንም አያመነጭም። ዘንጉ የሚዞርበትን ኩሽኔታ በጣታቸው ሲያዞሩት እንደ ቡና ወፍጮ ያንኮሻኩሻል።

«ዳዮዱ ደህና ነው፤ ሬጉላተሩም ደህና ነው። ካርቦንና ሁለት ኩሽኔታ ቀይሬ 3,800 ትሰጪኛለሽ። አይ ሌላ እገዛለሁ ካልሽ ሱማሌ ተራ ሂጂና ጠይቂ። ገንዘቡ ያንቺ ነው።»

አንዴ ተበልቻለሁና ሄድኩ።

ሱማሌ ተራ የማታውቁ ካላችሁ፣ መርካቶ ጎን ያለ የመኪና መለዋወጫ ሰፈር ነው። ማታ የተሰረቀባችሁን ስፖኪዮ ጠዋት እዚያ ሄዳችሁ ትገዛላችሁ እየተባለ ይቀለዳል። ገና ከታክሲ ሳልወርድ ደላላው «የምን መኪና ነው?» ብሎ ያዘኝ። አነጋገሬ ነው ጫማዬ ያጋለጠኝ አላውቅም፤ ዋጋው ግን የዲያስፖራ ነበር። ያገለገለ የቪትዝ ዲናሞ 16,000 ብር፤ ተከራክሬ 13,000 ደረሰ። ዴንሶ ነው፤ ቶዮታ ራሱ የሚገጥመው ዓይነት። «ይሠራል ወይ?» ስል «ከዱባይ ነው የመጣው» ይለኛል። ይሄ መልስ ነው? ፈትኑልኝ ስል መፈተኛ የለም። ደረሰኝም የለም። «ካልሠራ መልሺው» ብቻ። በካርቶን የታሸገ አዲስ ኮፒም አሳዩኝ፤ 11,000። አንስቼ ሳየው ከአሮጌው ይቀላል። ዲናሞ ውስጥ የሚከብደው መዳብና ብረት ስለሆነ መቅለሉን አልወደድኩትም።

ዋጋው እንዲህ የሆነበት ምክንያት አለው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ንሯል። በዚያው ዓመት መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከለከለ። ስለዚህ ያለው ቪትዝና ኮሮላ እየተጠገነ ይኖራል፤ ጠጋኙም መለዋወጫ ሻጩም ገበያ አላቸው።

ባዶ እጄን ቄራ ተመለስኩ። ጋሼ ሲያዩኝ ሳቁ። «ባገለገለው ውስጥ ያለው ካርቦንስ ስንት ቀርቶታል? ከፍተው አሳዩሽ?» አላሳዩኝም።

አሜሪካ ሳለሁ ይኸው በሽታ የራሴን መኪና ይዟት ነበር። ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ጋራዥ 640 ዶላር አስከፈለኝ። ማንም ዲናሞውን አልከፈተውም፤ አውጥተው ሌላ ገጠሙ፣ አለቀ። ሂሳቡ ላይ አሮጌውን ካልመለስሽ ተጨማሪ ትከፍያለሽ የሚል መስመር ነበረው። ያኔ አልገባኝም። ለካ አሮጌውን ፋብሪካ ወስደው ካርቦኑንና ኩሽኔታውን ቀይረው፣ አጥበው፣ በካርቶን አሽገው መልሰው ይሸጡታል። ጋሼ ዓይኔ እያየ የሚሠሩትን እነሱ ከጀርባ ነው የሚሠሩት።

ሥራውን ቁጭ ብዬ አየሁት። አሮጌውን ኩሽኔታ ሦስት ጥፍር ባለው መንቀያ ጎትተው አወጡ። ካርቦኑ የሚነካውን የመዳብ ቀለበት በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አሹት፤ ጥቁሩ ለቅቆ ቀይ መዳብ ወጣ። አዲሱን ካርቦን በካውያ በየዱት፤ ጭሱ ኮንቴይነሩን ሞላው። መሀል ላይ ጎረቤት ያለችው ቡና ሻጭ ሲኒ ይዛ መጣች። ጋሼ በአንድ እጃቸው ፉት እያሉ በሌላው ሞላዋን ይሞክራሉ፤ ካርቦኑን ወደ ቀለበቱ የምትገፋውን። አንዴ አፈትልካ ጠረጴዛ ሥር ገባች። ሦስታችንም በስልክ መብራት ፈለግናት። ያገኘኋት እኔ ነኝ፤ እስካሁን እኮራባታለሁ።

ከገጠሙት በኋላ ቴስተሩን መልሰው አደረጉ። 14.2። መብራት አብሪ፤ 14.0። መጥረጊያ፣ ሬዲዮ፣ ማሞቂያ፣ ሁሉንም ክፈቺ፤ 13.8። በቴሌብር 3,800 ላክሁላቸው። ለረዳቱና ለከረጢቱ 300 ጨመርኩ።

የማልወደውንም ልናገር። «ስምንት ሰዓት ይደርሳል» የተባለው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው ያለቀው። የጽሑፍ ዋስትና የለም፤ «ችግር ካለ ነይ» ነው ያሉት። ብየዳውን ሲሠሩ ዓይናቸውን የሚከልሉበት ያችው የተጠገነች መነጽር ብቻ ናት። መቀመጫዬም የተገለበጠ የቢራ ሳጥን ነበር። እንዲያም ሆኖ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ እዚያ ነው የምልከው። አንድ ነገር ብቻ እጨምርለታለሁ፤ ቮልት የምታሳይ ትንሽ ዕቃ አለች፣ ሲጋራ መለኮሻው ቀዳዳ ላይ የምትሰካ። እኔ በ200 ብር ገዝቼ ሰክቻለሁ። ሞተሩ እየሠራ ከ13.5 በታች ወርዳ ከቆየች ወንድሜ እንዲደውልላቸው ስልካቸውን ኮፈኑ ውስጥ በማርከር ጽፌለታለሁ።

ከመሄዴ በፊት በነበረው እሑድ እናቴን ቤተ ክርስቲያን ወሰድኳት። ገብታ ቀበቶዋን አሰረች። ቁልፉን አዞርኩ። መብራቶቹ በሩ፣ ሁሉም ጠፉ። እናቴ ዳሽቦርዱን ትክ ብላ አየች።

«ያቺ ቀይዋ ምነው ጠፋች? ሌላ ነገር አበላሹብሽ እንዴ?»