መጀመሪያ ጠየቀኝ፣ ከዚያ ከፈተው

ዘንድሮ ለአንድ ወር አገር ቤት ነበርኩ። ስሄድ ያሰብኩት ዘመድ ልጠይቅ ብቻ ነበር። ግን ከወሩ ውስጥ ብዙ ቀን ያለፈው ኤሌክትሮኒክስ ጥገና ቤት በር ላይ ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ የላፕቶፕ ቻርጀርና አንድ ስልክ አሠርቻለሁ። የሄድኩባቸው ቤቶች ሦስት ናቸው። አንዱን ለማንም አልመክርም። አንዱ ደህና ነው። አንዱን ግን ሳላመሰግነው ብቀር ቅር ይለኛል። ስማቸውን አልጠቅስም። ሥራቸውን ግን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፤ የትም ብትሆኑ ጥሩ ጠጋኝን ከሌላው ለመለየት ይጠቅማችኋል።

ኮምፒውተሩን ለእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ይዤለት የሄድኩት ነው። ዕድሜው የገፋ ዴስክቶፕ ቢሆንም ለትምህርት ይበቃዋል ብዬ ነበር። ከኋላው፣ ገመዱ ከሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለች። በአንድ በኩል 115፣ በሌላው 230 ትላለች። አሜሪካ የቤት መብራት 120 ቮልት ስለሆነ ማብሪያዋ 115 ላይ ነበረች። አገር ቤት ደግሞ 220 ነው። ይህን አሳምሬ አውቃለሁ። ቻርጀሮቹ ላይ «100-240» የሚለውን አንድ በአንድ አንብቤ ነው ሻንጣ ውስጥ የከተትኳቸው። ይህችን ማብሪያ ግን ረሳኋት። ልጁ በደስታ ገመዱን ዲቫይደሩ ላይ ሲሰካው «ጧ!» አለ። ክፍሉ በጭስ ተሞላ። የልጁ ፊት እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም።

ምን እንደተፈጠረ በኋላ ነው በደንብ የገባኝ። ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚያድለው ክፍል፣ ከግድግዳ የሚመጣውን መብራት መጀመሪያ ወደ ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ ብቻ ወደሚፈስ ኃይል) ይለውጥና ሁለት ትልልቅ ካፓሲተሮች ላይ ያጠራቅመዋል። ማብሪያዋ 230 ላይ ሆና 220 ቮልት ሲገባ፣ ሁለቱ ላይ በድምሩ 310 ቮልት ገደማ ይቀመጣል። እኩል ስለሚካፈሉት ለእያንዳንዳቸው 155 ይደርሳቸዋል። 115 ላይ ስትሆን ግን አሠራሩ ይለወጣል። ከ120 ቮልት ያንኑ ያህል ለማግኘት ሲባል እያንዳንዱ ካፓሲተር ለብቻው ይሞላል፤ ድምሩ እጥፍ ይሆናል። እዚህ ላይ 220 ሲለቀቅበት አንዱ ብቻውን 310 ይሸከማል። የእኛዎቹ ላይ የተጻፈው አቅም 200 ቮልት ነበር።

በማግሥቱ በቅርብ ወዳገኘነው ቤት ወሰድነው። ሰውየው ምን እንደሆነ አልጠየቀም። ፈታው፣ ፊውዙ መቃጠሉን አየ፣ በሌላ ተካው፣ ሰካው። ጧ! እንደገና። ሌላ ፊውዝ ሊያወጣ መሳቢያውን ሲስብ አስቆምኩት። ፊውዝ አልፎ አልፎ በእርጅና ይበጠሳል። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚቃጠለው ከጀርባው ያለ ሌላ ዕቃ ሾርት ስላደረገ ነው። ያ ዕቃ ሳይነሣ ፊውዝ መቀያየር፣ የደፈረሰውን ምንጭ ትቶ ማሰሮውን ደጋግሞ እንደማጠብ ነው። ሰውየው ቀና ብሎ፣ «ፓወር ሰፕላዩም ማዘርቦርዱም አልቋል፣ ሌላ ግዙ» አለን። ማዘርቦርዱን በቴስተር እንኳ አልነካውም። አሁንም ድረስ የሚያናድደኝ ይህ ነው። አለማወቅ ምንም አይደል፣ «አላወቅኩትም» ማለት ይቻላል። ሳይለኩ መፍረድ ግን ሰው ደህና ዕቃውን እንዲጥል ያደርጋል።

ሁለተኛው ቤት በሰው ጥቆማ ነው የተገኘው። ጠጋኙ ወጣት ነው። ኮምፒውተሩን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጥለት ካቻቢቴ አላነሣም። «ጋሼ፣ ምን ሰማችሁ?» አለኝ። አንዴ ነው የጮኸው ሁለቴ? ብሬከሩ ወርዶ ነበር? ሽታው የፕላስቲክ ነው ወይስ እንደ ዓሣ ይላል? ከእኔ በፊት ማን ከፍቶታል? ሁሉንም መለስኩለት። የማብሪያዋን ነገር ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ ግን አልተቆጣኝም። ሁለቱንም የተቃጠሉ ፊውዞች በኪሴ ይዤ ስለነበር ሰጠሁት። አንዱን ወደ ብርሃን አስጠግቶ አሳየኝ። መስታወቱ ከውስጥ ጠቁሯል፣ እንደ ብርም ያብለጨልጫል። ክሯ ጭራሽ የለችም። «መስታወቱ ንጹሕ ሆኖ ክሯ መሀል ላይ ብቻ ብትበጠስ ቀላል ነገር ነው እል ነበር። ይሄ ግን ከባድ ሾርት ነው» አለኝ። ከአንዲት ፊውዝ ይህን ያህል እንደሚነበብ አላውቅም ነበር።

ከፈታው በኋላም ቶሎ እጁን አልሰደደም። ካፓሲተር ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ቻርጅ ይዞ ሊቆይ ይችላል። መጀመሪያ በቴስተር ለካው፣ ከዚያ ሁለት ጫፏ ላይ ገመድ የተበየደባት ወፍራም ሬዚስተር አስነክቶ ቀስ ብሎ አራገፈው። በካቻቢቴ ሾርት አድርገው የሚያራግፉ ሰዎች አይቻለሁ። ብልጭታው ዕቃውን ይጎዳል፣ ለዓይንም ለእጅም ያሰጋል። በዚህ ጊዜ ነው ይህ ልጅ ሥራውን ያውቃል ብዬ ልቤ ያረፈው።

ከዚያ ቴስተሩን ድምፅ ላይ አድርጎ ከመግቢያው ጀምሮ ወደ ውስጥ ሄደ። አንዱ ካፓሲተር ራሱ ላይ ያለው መስቀለኛ ምልክት ተከፍቶ ውሃው ወጥቷል። መብራቱን ወደ ዲሲ ከሚለውጡት አራት ዳዮዶች ሁለቱ ሾርት ሆነዋል። የኃይሉን ፍሰት በፍጥነት ከሚከፍቱትና ከሚዘጉት ሁለት ትራንዚስተሮች አንዱ ሄዷል። ከመጠን ያለፈ ቮልት ሲመጣ የምትከላከለው ቫሪስተር ለሁለት ተሰንጥቃለች። ሁሉንም ወረቀት ላይ ጻፈ። ጠጋኝ ሲጽፍ ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። «አንዱን ብተው ሌሎቹን አዲሶቹን ይዞ ይሄዳል» አለ። ካፓሲተሩን ብቻ ቢቀይር ኖሮ ሾርት የሆኑት ዳዮዶች አዲሱን ፊውዝ በሰከንድ ይበሉት ነበር።

ትራንዚስተሩን ከአሮጌ ቦርድ ላይ ነቅሎ እንደሚጠቀም በግልጽ ነገረኝ፤ ለክቶ ደህና መሆኑን አሳይቶኝ ተስማማሁ። ካፓሲተሮቹ ግን ሁለቱም አዲስ ይሁኑ አለ፣ ትክክልም ነው። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በሙቀት ቀስ በቀስ ይደርቃል። በሙያው የተለመደው ስሌት፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲጨምር የካፓሲተሩ ዕድሜ በግማሽ ያጥራል ይላል። ለዚህ ነው 105 ዲግሪ የተጻፈበት 85 ከተጻፈበት የሚመረጠው።

አሁን በቅርብ ያየሁትንና እስከ ዛሬ የምደነቅበትን ልንገራችሁ። ግድግዳው ላይ አንድ የአምፖል መያዣ ተሰቅሏል፤ የድሮው ዓይነት፣ ክር ያለው 100 ዋት አምፖል ገብቶበታል። ማብሪያዋን ወደ 230 መለሳትና የጠገነውን ፓወር ሰፕላይ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ሳይሆን በዚህ አምፖል በኩል አድርጎ ሰካው። መብራቱ መጀመሪያ በአምፖሉ ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ዕቃው ይገባል። ሾርት የቀረ ከሆነ አምፖሉ ሙሉ በሙሉ ይበራል፣ ኃይሉን እሱ ይይዘዋል፣ ዕቃው አይፈነዳም። ደህና ከሆነ ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ አንዴ ቦግ ይልና ይደበዝዛል። ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ አይሆንም፤ የክሩ መጋልና ኃይሉን መያዙ ነው ሥራውን የሚሠራው። እኔና የእህቴ ልጅ ትንፋሻችንን ይዘን አየነው። አምፖሉ ቦግ አለ። ከዚያ ክሩ ቀላ፣ ደበዘዘ፣ ጠፋ። ልጁ አጨበጨበ። የመጀመሪያው ጠጋኝ ይህች አንዲት አምፖል ብትኖረው ኖሮ ያ ሁለተኛው ፍንዳታ አይኖርም ነበር።

በዚህም አልበቃው። ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱ ከሚገባው ትልቁ መሰኪያ አረንጓዴውን ሽቦ ከጥቁሩ ጋር አገናኝቶ ፓወር ሰፕላዩን ከማዘርቦርዱ ውጪ አስነሣው። ማራገቢያው ዞረ። የ12፣ የ5 እና የ3.3 ቮልት መስመሮቹን ለካ፦ 12.1፣ 5.05፣ 3.32። ባለ 12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ይፈቀድለታል። «ባዶውን ሁሉም ያምራል» ብሎ የመኪና ፍሬቻ አምፖል ጭነት አድርጎ ሰካበትና ቁጭ ብለን ጠበቅን። 11.9 ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወዲያ አልወረደም። ማዘርቦርዱን ያገናኘው ከዚያ በኋላ ነው። «አልቋል» የተባለው ኮምፒውተር ሕይወት ዘራ። የማታ ማታ ደግሞ እኔ ሳልጠይቀው የቀይዋን ማብሪያ ሽቦ ነቅሎ መብራት በማያስተላልፍ ነገር ሸፈነው። ከእንግዲህ ማንም ወደ 115 ቢገፋት ምንም አታደርግም። የተቃጠሉትን ዕቃዎች በፌስታል አድርጎ ከነወረቀቱ ሰጠኝ።

ድክመቱን አልደብቅም። «ነገ ና» ሦስት ጊዜ ብሎኛል። ስልክ ቢደውልልኝ ኖሮ ሁለቱን ቀን እናቴ ጋ በዋልኩ። ሰው ለአጭር ጊዜ ሲመጣ እያንዳንዷ ቀን ዋጋ አላት። ዋስትናውንም በቃል ነው የሰጠኝ፤ እንዲህ የሚሠራ ሰው በጽሑፍ ቢሰጥ ራሱን ያስከብር ነበር።

ቴሌቪዥኑ የእናቴ ነው። ድምፁ አለ፣ ምስሉ ጨለማ ነው። እማዬ ለሳምንታት እንደ ሬዲዮ ስታዳምጠው ኖራለች። «ስክሪኑ ሞቷል» ተብላ ስለነበር ተስፋ ቆርጣለች። ወጣቱ ቤት ድረስ መጣ። መጋረጃውን ዘጋ፣ ቴሌቪዥኑን ከፈተ፣ የስልኩን ባትሪ ስክሪኑ ላይ ወደ ጎን አድርጎ አበራ። ዜና አንባቢዋ በጨለማው ውስጥ ደብዝዛ ታየች። እናቴ «ይኸውና አለች!» ብላ ተነሣች። ስክሪኑ ደህና ነበር፤ የጠፋው ከጀርባው የሚያበራው መብራት ነው። ትንንሽ ኤልኢዲዎች በተከታታይ ተያይዘዋል፣ አንዷ ስትቋረጥ መስመሩ ሁሉ ይጨልማል። ለመክፈት ሁለት ሆነው ስክሪኑን እንደ ሕፃን አቅፈው አነሡት፤ በዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ መስታወቱን መስበር ነው። የሞተችው አንዲት ነበረች። እሱ ግን የኤልኢዲዎቹን መስመር ሁሉ ቀየረ። እኩያዎቿ እኩል ሲሞቁ የኖሩ ስለሆኑ ተራቸውን ነው የሚጠብቁት። ሲጨርስ የብርሃኑን መጠን ከላይ ወደ መሀል አወረደላትና፣ «እማማ፣ እንዲህ ይሁን፣ ይቆይልዎታል» አላት።

ሦስተኛው ቤት ስልክ ቤት ነው። የወንድሜ ስልክ ባትሪው አብጦ ስክሪኑን ገፍቶ አስነሥቶታል። ሥራቸው ፈጣንና ንጹሕ ነው። ማጣበቂያውን አሙቀው በፕላስቲክ ቀስ ብለው አወጡት እንጂ በብረት አልፈነቀሉትም። ያበጠውን ባትሪ ግን ጠረጴዛ ሥር ካለ ካርቶን ውስጥ ከሌሎች ጋር ወረወሩት። ያ ነገር ቢበሳ ወይም ቢጨፈለቅ በእሳት ሊነሣ ይችላል። ነገርኳቸው፣ ሳቅ ብለው አለፉት። ለስልክ እመለስባቸዋለሁ፤ ያ ካርቶን ግን ያሳስበኛል።

እዚያው ላፕቶፕም ይዤ ነበር። ሲሰካ ይሠራል፣ ባትሪውን ግን አይሞላም። ቻርጀሩን ለኩት፣ 19.5 ቮልት ትክክል ነው፣ «ስለዚህ ማዘርቦርዱ ነው» አሉ። ሐሳባቸው ስህተት አይመስልም ነበር። ወደ ወጣቱ ወሰድኩት። የቻርጀሩን ጫፍ አሳየኝ፤ መሀሉ ላይ ቀጭን መርፌ አለች። በእሷ በኩል ነው አንዳንድ ላፕቶፖች ቻርጀሩ የራሳቸው መሆኑንና አቅሙን የሚያውቁት። መልሱ ካልደረሳቸው ይሠራሉ፣ ባትሪውን ግን አይሞሉም። ገመዱን አንገቱ ላይ ሲያጥፈው የመሙያዋ መብራት ብልጭ አለች። ውስጡ ያለችው ቀጭን ሽቦ ተበጥሳ ነበር። ቆረጠው፣ በየደው፣ ሸፈነው። ሩብ ሰዓት አልፈጀበትም።

ልመለስ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የእህቴ ልጅ የስልኩን ባትሪ አብርቶ ከውጭ የመጣውን ዕቃ ሁሉ ከጀርባው ያነብ ጀመር። ሁሉም «100-240» ይላል። የፀጉር ማድረቂያዋ ጋ ሲደርስ ቆመ። «120 ብቻ ነው የሚለው» አለ። ገመዷን ጠቅልሎ በፕላስተር አሰረውና ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «አይሰካም» ብሎ ጻፈበት።