የኮሌጃችንን ፒያኖዎች ለሚንከባከቡልን ባለሙያ

የሙዚቃ ትምህርት ክፍላችንን ፒያኖዎች ለሚጠግኑልን ባለሙያ ምስጋናችን ከልብ ነው። ፒያኖው ብዙ፣ የጥገናው ሰዓት ጥቂት በሆነበት ኮሌጅ ዋናው ጥያቄ ከየትኛው ይጀመር የሚለው ነው። እሳቸው የመቃኛ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት እያንዳንዱን ፒያኖ ፈትሸው መዘገቡ፦ በቀን ስንት ሰዓት ይመታል? ክሮቹን የያዙት ፒኖች ጠብቀዋል ወይስ ላልተዋል? የመዶሻዎቹ ፌልት (ክሩን የሚመታው የታመቀ የሱፍ ሽፋን) ምን ያህል ተበልቷል?

የአዳራሹ ግራንድ ፒያኖ ከየኮንሰርቱ በፊት ይቃኛል፤ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ብልሃታቸው የሚታየው በልምምድ ክፍሎቹ ነው። እነዚህ ፒያኖዎች ብዙ ጊዜ የሚታወሱት መጨረሻ ላይ ቢሆንም ተማሪው ጣቱንና ጆሮውን የሚገራው በእነሱ ነው። ስለዚህ አስቀድመው ልምምድ የሚያስተጓጉለውን ያስተካክላሉ፦ ተጭኖ የማይመለስ ቁልፍ፣ የተበጠሰ ክር፣ ድምፅ የማያፍን ዳምፐር (ቁልፉ ሲለቀቅ ክሩን ዝም የሚያሰኘው ክፍል)። ቅኝቱ ከዚያ ይቀጥላል። የማይመለስ ቁልፍ በአብዛኛው የእርጥበት ጣጣ ነው። በቁልፉ ቀዳዳ ውስጥ ያለው ፌልት አብጦ ቁልፉን የሚመራውን ፒን ያንቀዋል። ፌልቱን በተሠራለት ጉጠት በስሱ መጫን ይበቃል፤ ዘይት ግን ፈጽሞ አይነካውም!

ቅኝትንም የሚያፈርሰው ይኸው እርጥበት ነው። አየሩ ሲረጥብ የእንጨቱ የድምፅ ሰሌዳ ያብጥና ክሮቹን ይወጥራል፣ ድምፁም ከልኩ ከፍ ይላል፤ ሲደርቅ ይወርዳል። ለውጡ ጎልቶ የሚሰማው በመካከለኛዎቹ ቁልፎች ስለሆነ ፒያኖው እርስ በርሱ አይስማማም። በየክፍሉ መለኪያ አስቀምጠው እርጥበቱ ከ40 እስከ 50 በመቶ እንዲቆይ አደረጉ፤ ፒያኖዎቹንም ከመስኮትና ከማሞቂያ አራቁ።

ከመደበኛው የቅኝት ልክ፣ ከ440 ኸርዝ፣ ብዙ የወረደውን ፒያኖ በአንድ ዙር አይቃኙትም። 230 ገደማ ክሮች በአንድነት የሚስቡት በብዙ ቶን ኃይል ነው፤ ኋለኞቹ ሲወጠሩ ፊት የተቃኙት ይረግባሉ። መጀመሪያ ሁሉንም ፈጠን ብለው ያነሳሉ፤ ከዚያ በጥሞና ይቃኛሉ።

ክሮቹ የቦረቦሩትን መዶሻ በብርጭቆ ወረቀት ሞርደው ቅርጹን ይመልሳሉ። ፌልቱ አልቆ ወደ እንጨቱ የተቃረበውን፣ ፒኖቹም ቅኝት መያዝ ያቃታቸውን ፒያኖ ግን ሰዓት አያባክኑበትም። ይታደስ ወይም ይተካ ብለው ከነምክንያቱ ለአስተዳደሩ ይጽፋሉ። ለበጀት ጥያቄ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላየንም።

ባለሙያ ለምትፈልጉ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶች እኚህን ሰው ያለ አንዳች ማመንታት እንጠቁማለን። ሌላ ሰው የምትቀጥሩም ከሆነ፣ ከመቃኘት ሌላ የቁልፍና የመዶሻውን አሠራር ማስተካከል፣ የመዶሻውንም ፌልት በማለስለስ ወይም በማጠንከር ድምፁን መግራት ይችል እንደሆነ ጠይቁ፤ የእያንዳንዱን ፒያኖ መዝገብ እንዲይዝም ውሉ ላይ አስገቡ።