አልትራሳውንድ መድገም ወይስ የእንሽርት ውሃ ማስቀዳት?

«የልጁ ኩላሊት ውሃ ቋጥሯል» ስትባል ነፍሰ ጡር እናት ክው ትላለች። ከዚያ ሁለት መንገድ ሊቀርብላት ይችላል። ጠብቆ አልትራሳውንድ መድገም፣ ወይም የእንሽርት ውሃ አስቀድቶ መመርመር።

መድገሙ ቀላል ነው። መርፌ የለው፣ ጽንሱን አይነካ። የሚለካው ሽንት የሚጠራቀምበት የኩላሊት ክፍል ስፋት ነው። ከ28ኛው ሳምንት በፊት 4 ሚሊሜትር፣ ከዚያ ወዲህ 7 ሚሊሜትር ከሞላ ሰፍቷል ይባላል። መጠነኛው መስፋት አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ሐኪሙ የእንሽርት ውሃውንም መጠን ያያል። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ውሃው በአመዛኙ የልጁ ሽንት ነው። (ቀፈፋችሁ? መልሶ የሚውጠውም እሱኑ ነው።) ስለዚህ ውሃው በቂ ከሆነ ቢያንስ አንዱ ኩላሊት እየሠራ ነው። መጥፎው ነገር ጥበቃው ነው፤ እንቅልፍ ይነሳል።

ውሃ ማስቀዳት ከ15ኛው ሳምንት ጀምሮ ይቻላል። ቀጭን መርፌ በሆድ በኩል ይገባል። ጽንሱ የመጨንገፍ ስጋቱ ከ100 አንድ አይሞላም፤ ግን አለ። የሚነግራችሁም ስለ ክሮሞሶምና ስለ ዘረመል ነው፤ ኩላሊቱ ምን ያህል እንደሚሠራ አይደለም። ይሄን ብዙ ሰው ያምታታዋል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ትንሽ መስፋት ብቻ ከሆነና ሌላው አካል ደህና ከሆነ መድገሙ ይበቃል። ልብ ወይም ሌላ አካል ላይም ጉድለት ከታየ መርፌው ትርጉም አለው። ሁለቱም ኩላሊቶች ተጎድተው የእንሽርት ውሃው ካነሰ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ጽንስ ስፔሻሊስት ነው።

ከወሊድ በኋላም ምርመራው ይደገማል። አስቸኳይ ካልሆነ 48 ሰዓት ይቆይ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአራስ ሽንት ጥቂት ስለሆነ መስፋቱ ሊደበቅ ይችላል።