የኮከብ ምልክት ያለበት የብር ሳንቲም፦ የአርመኑ ይሻላል የዩክሬኑ?

ውጭ አገር ዘመድ ያለው የጅማ ሰው የልደት ኮከብ ሥዕል፣ ለምሳሌ አንበሳ፣ ያለበትን የብር ሳንቲም ለልደት ስጦታ ማስመጣት ይችላል። ሁሉም የኮከብ ሳንቲም ይባል እንጂ ውስጡ ያለው ብር እኩል አይደለም።

የአርመን ማዕከላዊ ባንክ በ2007 እና 2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 100 ድራም 28.28 ግራም ይመዝናል። ብሩ ከሺህ 925 ስለሆነ ንጹሑ 26 ግራም ያህል ይወጣዋል። የዩክሬን ብሔራዊ ባንክ ከ2006 እስከ 2008 ያወጣው ባለ 5 ሂሪቭኒያም 925 ነው፤ ንጹሕ ብሩ ግን 15.55 ግራም ብቻ። ዋጋቸው ከተቀራረበ ሳታመነቱ የአርመኑን ያዙ።

ለአራስ ጥየቃ ከሆነ ግን ሐሳቤን እቀይራለሁ። የዩክሬኑ ባንክ በ2014 እና 2015 ለልጆች ብሎ ያወጣው ባለ 2 ሂሪቭኒያ አለ። ንጹሕ ብሩ 7.78 ግራም ነው። ትንሽ ናት፣ ግን ለሕፃን ከእሷ የተሻለ አላየሁም።

ነገ ልሸጠው እችላለሁ የምትሉ ደግሞ ጠገራ ብር፣ ማለትም የማሪያ ቴሬዛን የድሮ ብር፣ ፈልጉ። በአባ ጅፋር ዘመን የጅማው የሂርማታ ገበያ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬም አንጥረኛው በደንብ ያውቀዋል። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ንጹሕ ብሩ 23.4 ግራም ገደማ ነው። የኮከቡን ሳንቲም አንጥረኛ ጋ ብትወስዱት በግራም ይመዝንላችኋል እንጂ ለሥዕሉ አይከፍልም። ጠገራ ስትገዙ ጠርዙን በጣታችሁ እያዞራችሁ እዩ፤ ዙሪያውን የላቲን ጽሑፍ ሊኖር ይገባል። ለአንገት ተብሎ የተበሳ ወይም ማንጠልጠያ የተበየደለት ዋጋው ይወርዳል። 1780 የሚለውን አይታችሁ ግን የዚያን ዘመን ነው አትበሉ። ኋላ የተመታውም ያንኑ ዓመት ነው የያዘው።

እንደ መስታወት የሚያበራውን የኮከብ ሳንቲም በጨርቅ አትወልውሉት፣ ይጫጫራል። የጅማ ዝናብና እርጥበት ብርን ቶሎ ስለሚያጠቁረው ከነፕላስቲክ ክዳኑ ይቀመጥ።

ከማዘዛችሁ በፊት የሰውየውን የልደት ቀን ጠይቁ። በአውደ ነገሥት፣ በኮከብ ቆጠራው መጽሐፍ፣ ኮከቡ የተቆጠረለት ሰው በራሱና በእናቱ ስም ነው የተቆጠረለት። ባንኮቹ ግን የሚሄዱት በልደት ቀን ነው። አሰድ፣ ማለትም አንበሳው፣ ከሐምሌ 16 እስከ ነሐሴ 16 አካባቢ ለተወለደ ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ ሰውየው ራሱ የሚያምንበትን እዘዙለት።