ዲዝኒላንድ ወይስ ካሊፎርኒያ አድቬንቸር? የአንድ ቀን ቲኬት ለምትገዙ

በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ ውስጥ ሁለቱ የዲዝኒ መዝናኛ ፓርኮች፣ ዲዝኒላንድና ካሊፎርኒያ አድቬንቸር፣ በር ለበር ይተያያሉ፤ ከአንዱ መግቢያ ወደ ሌላው በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። የአንድ ቀን ቲኬታቸውም ዋጋ እኩል ነው። ዋጋው የሚለያየው እንደ ፓርኩ ሳይሆን እንደ ቀኑ ነው፦ ቅዳሜና እሑድ፣ የትምህርት ቤት እረፍትና የበዓል ሰሞን ይወደዳል፣ ትምህርት ቤት ክፍት በሆነበት ወቅት በሳምንቱ መሃል ይረክሳል። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ ያለው ቤተሰብ ገንዘብ እያወዳደረ አይደለም፤ ቀኑን የት እንደሚያውለው ነው የሚመርጠው። አብዛኛው ሰው ብዙም ሳያስብ ዲዝኒላንድን ይገዛል። ለብዙዎች ልክ ነው፣ ለሁሉም ግን አይደለም። ካሊፎርኒያ አድቬንቸር እስከ ዛሬ የሚናቀው ሲከፈት በወጣለት ስም ነው።

ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ፓርኩ በቀድሞው የዲዝኒላንድ መኪና ማቆሚያ ላይ ተሠርቶ በፌብሩዋሪ 8 ቀን 2001 ሲከፈት መጫወቻው ትንሽ ነበር፣ በተለይ ለሕፃናት የሚሆነው። ጭብጡ ራሱ ካሊፎርኒያ ነበር። እውነተኛው የባሕር ዳርቻ በመኪና ቅርብ ሆኖ ሳለ የባሕር ዳርቻ ምስል ለማየት ማን ቲኬት ይገዛል? ዲዝኒም ነገሩ እንዳልሠራ አይቶ በ2007 የ1.1 ቢሊዮን ዶላር ማደሻ አወጀ። በጁን 15 ቀን 2012 አዲሱ መግቢያ ጎዳና ቡዌና ቪስታ ስትሪትና ካርስ ላንድ ተከፈቱ። በ2018 ፒክሳር ፒር፣ በ2021 ደግሞ አቬንጀርስ ካምፓስ ተከተሉ። ከ2012 በፊት ገብቶ «አይረባም» ያለ ዘመድ ካላችሁ የሚነግራችሁ ስለ ሌላ ፓርክ ነው።

ይህን ፓርክ ለመምረጥ ዋናው ምክንያት ካርስ ላንድ፣ «ካርስ» በተባለው የፒክሳር ካርቱን ፊልም ላይ የተመሠረተው ሰፈር፣ ነው። ብዙ ወላጅ «የመኪና ካርቱን ነው፣ ለትንሽ ወንድ ልጅ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሰፈሩ ግን የተሠራው በድሮው የአሜሪካ አውራ ጎዳና በሩት 66 ላይ እንዳለች እውነተኛ ትንሽ ከተማ ነው፦ አንድ ዋና ጎዳና፣ ግራና ቀኙ ሱቅ፣ የጎማ መሸጫና ሞቴል፣ ጫፉ ላይ ፍርድ ቤት፣ ከኋላው ደግሞ ቀይ የድንጋይ ተራራ። የተራራው ከፍተኛ ጫፍ ወደ 38 ሜትር ይደርሳል። ጫፎቹን ልብ ብላችሁ ብታዩ የድሮ ካዲላክ የኋላ ክንፍ ቅርጽ አላቸው። ቀን ላይ ጥላው ትንሽ ስለሆነ በፀሐይ ይግላል፣ እዚያ ጊዜ ማሳለፍ ያደክማል። ምሽት ላይ ግን ፀሐይ ስትገባ ሙዚቃ ይጀመርና የኒዮን መብራቶቹ ተራ በተራ እየበሩ ጎዳናውን ያዳርሱታል። ይህን ሳያዩ ከሰዓት በኋላ የወጡ ሰዎች ናቸው ሰፈሩን የሚንቁት። ፀሐይ የምትገባበትን ሰዓት ቀድማችሁ እዩ፤ ከዚያ ሩብ ሰዓት አስቀድማችሁ መሃል ጎዳናው ላይ ቁሙ።

የሰፈሩ ትልቁ መጫወቻ ራዲያተር ስፕሪንግስ ሬሰርስ ነው። መኪናው በሁለት ረድፍ ስድስት ሰው ይይዛል። መጀመሪያ በጨለማ ክፍሎች ውስጥ ቀስ ብሎ ታሪኩን ያሳያል፣ ከዚያ ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ወጥተው በተራራው ዙሪያ እስከ 64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሽቀዳደማሉ። የሚበላሸው እቅድ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ከምሳ በኋላ እንሄዳለን» ማለት። ወረፋው በሩ ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ ይረዝማል፤ ውድድሩ ከቤት ውጭ ስለሆነ ዝናብ ሲመጣ ይዘጋል፣ በጠራ ቀንም አልፎ አልፎ በቴክኒክ ችግር ይቆማል። መፍትሔው ሦስት ነው። አንደኛ፣ በሩ ሲከፈት ቀጥታ እዚያ መሄድ። ሁለተኛ፣ ለየብቻ መቀመጥ ካላስጨነቃችሁ ለብቻው ለሚሳፈር ሰው የተለየውን የሲንግል ራይደር መግቢያን መጠቀም፤ አምስት ሰው የያዘ መኪና አንድ ባዶ ቦታ ስለሚተርፈው ብቻውን የቆመ ሰው ቶሎ ይጠራል። ልጁ ግን 7 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ሦስተኛ፣ ለዚህ መጫወቻ ብቻ የሚሸጠውን ወረፋ የሚያሳጥር የላይትኒንግ ሌን ማለፊያ ፓርኩ ከገባችሁ በኋላ በዲዝኒላንድ የስልክ አፕ መግዛት። ሦስቱንም ሳታደርጉ እኩለ ቀን ላይ ከደረሳችሁ ግማሽ ቀናችሁ ወረፋ ላይ ያልቃል።

አሁን ወደ ምርጫው። ቲኬቱን ከመግዛታችሁ በፊት የልጆቻችሁን ቁመት ጫማ አድርገው ለኩ፤ ከዕድሜያቸው ይልቅ የሚወስነው እሱ ነው።

ቁመቱ ከ102 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ ካለ ዲዝኒላንድ ግዙ። እዚያ ፋንታሲላንድ ውስጥ ያሉት የድሮ መጫወቻዎች አብዛኞቹ የቁመት ገደብ የላቸውም፣ ቤተ መንግሥቱና ልዕልቶቹ አሉ፣ በ2023 ታድሶ የተከፈተው ቱንታውን አለ፣ ሙሉ ቀን ይሞላል። ካሊፎርኒያ አድቬንቸር ውስጥም ለዚህ ልጅ የሚሆን አይጠፋም (ቶይ ስቶሪ ሚድዌይ ማኒያና ዌብ ስሊንገርስ ቁመት አይጠይቁም፣ ካርስ ላንድ ውስጥ ያሉት የማተርና የሉዊጂ መጫወቻዎች 81 ሴንቲ ሜትር ይበቃቸዋል)፣ ግን ከሰዓት በኋላ ያልቅበታል።

ልጆቹ ሁሉ ከ102 በላይ ከሆኑ ነገሩ ይገለበጣል። ሬሰርስ፣ የበረራ ስሜት የሚሰጠው ሶሪንና የአቬንጀርስ ካምፓሱ ሚሽን ብሬክአውት ሦስቱም 102 ይጠይቃሉ፣ ግሪዝሊ ሪቨር ራን 107፣ ኢንክሬዲኮስተር 122። ከ122 በላይ ለሆነ ልጅና ለአዋቂ ካሊፎርኒያ አድቬንቸር በአንድ ቀን የሚዳረስ ፓርክ ነው። ዲዝኒላንድ በአንድ ቀን አያልቅም፤ ምን እንደቀረባችሁ እያሰባችሁ ነው የምትወጡት። የስታር ዋርስ ወዳጅ ቤት ውስጥ ካለ ግን ክርክሩ እዚያው ያበቃል፣ የስታር ዋርስ ሰፈሩ ጋላክሲስ ኤጅ ያለው ዲዝኒላንድ ነው።

ቁመታቸው የተለያየ ልጆች ያላችሁ ወላጆች ተራ በተራ ስለሚሳፈሩበት ራይደር ስዊች ጠይቁ፦ ሁላችሁም ሆናችሁ መግቢያው ላይ ላለው ሠራተኛ ትነግራላችሁ፣ አንዱ ወላጅ ከትንሹ ጋር ይቆያል፣ ሌላው ሲወጣ ወረፋውን ከመጀመሪያው ሳይቆም ይገባል።

ካሊፎርኒያ አድቬንቸርን ከመረጣችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። ሶሪን ላይ ወንበሮቹ በሦስት ረድፍ ወደ ላይ ስለሚነሡ ከፊተኛው ረድፍ ሌላ ከተቀመጣችሁ የሰው እግር ከላያችሁ ይንጠለጠላል፤ ሠራተኛውን «ረድፍ አንድ» ብላችሁ ጠይቁ፣ ተራ ብታሳልፉም ያዋጣል። ፒክሳር ፒር ላይ ያለው ሰው በሳጥን ተሳፍሮ የሚዞርበት ትልቁ ጎማ ደግሞ ሁለት ወረፋ አለው። ከ24ቱ ሳጥኖች 16ቱ በሐዲድ ላይ እየተንሸራተቱ ይወዛወዛሉ፣ 8ቱ ብቻ ናቸው የማይንቀሳቀሱት። ሰው አጭሩን ወረፋ አይቶ ይገባና የሚወዛወዘው ውስጥ ራሱን ያገኛል፤ ሳጥኑ ውስጥ የማስመለሻ ከረጢት የተቀመጠው ያለ ነገር አይደለም። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሆነ «የማይወዛወዘውን» ብላችሁ ጠይቁ።

ምግብ ላይ ሁለቱ ፓርኮች ብዙም አይራራቁም፣ ቢራና ወይን በየቦታው የሚሸጠው ካሊፎርኒያ አድቬንቸር ውስጥ ከመሆኑ በቀር። የበጋ ጉዞ ከፍልሰታ ጋር ለሚገጥምባቸው (ከኦገስት 7 እስከ 21) በሁለቱም ፓርኮች የምግብ ዝርዝር ላይ የቅጠል ምልክት ያለበት ምግብ ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላልና ማር የሌለበት ነው። ከቤት ይዞ መግባትም ይፈቀዳል፦ ማሞቅ የማይፈልግ፣ ሽታው የማይከብድ፣ በጠርሙስ ያልሆነ። ዳቦ፣ ቆሎና ፍራፍሬ ያልፋል፤ በረዶው ግን የተበተነ ሳይሆን በፕላስቲክ የታሸገ ይሁን።

ሎስ አንጀለስ ሊትል ኢትዮጵያ አካባቢ ካደራችሁ ከፌርፋክስ እስከ አናሃይም ከ30 ማይል በላይ ነው፣ የጠዋቱ ትራፊክ አይታመንም። በሩ ከመከፈቱ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ መኪና ማቆሚያው ላይ ለመድረስ አስሉ፤ ከዚያ በኋላ ፍተሻና ወደ በሩ የሚወስደው ትራም ይቀራችኋል።

በአንድ ቀን ሁለቱንም የሚያስገባው ፓርክ ሆፐር ጭማሪ ዋጋ አለው። የሚያዋጣው ልጆቹ ቁመታቸው ለያይቷቸው ቤተሰቡ ለሁለት ሲከፈል ወይም ዲዝኒላንድ ውላችሁ ካርስ ላንድን በምሽት ማየት ስትፈልጉ ነው። ካሊፎርኒያ አድቬንቸር ብዙውን ጊዜ ከዲዝኒላንድ ቀድሞ ይዘጋል፣ ስለዚህ የዕለቱን የመዝጊያ ሰዓት አፑ ላይ አይታችሁ ወደዚያ የምትሻገሩት ፀሐይ ሳትገባ ይሁን።