ማትላብ፣ ቬይንስ ወይስ ኤንኤስ-3? መኪናን ከመንገድ ዳር ሬዲዮ ጋር ለምታስመስሉ

ጀርመን ማስተርሱን የሚሠራ ወዳጄ በቀደም ደወለልኝ። «ማትላብ የተባለውን የስሌት ፕሮግራም ልግዛ ወይስ በነፃው ልሥራ?» ሥራው መኪኖች መንገድ ዳር ከተተከለ ሬዲዮ ጋር ሲያወሩ ስንቱ መልእክት እንደሚደርስ፣ ስንቱ እንደሚጠፋ በኮምፒውተር አስመስሎ ማስላት ነው። መልሼ ጠየቅሁት፦ መኪናው አንድ ነው ወይስ መቶ?

አንድ ከሆነ ማትላብ። ፍጥነትና ርቀት ሲግናሉን እንዴት እንደሚያበላሹት ቁልጭ አድርጎ ያሳያል፤ ለመኪና የተዘጋጀውን ዋይፋይ፣ 802.11ፒን፣ ያውቃል። ችግሩ ኪስ ላይ ነው። ዋናው ፕሮግራም ከተገዛ በኋላ የዋይፋዩ ቱልቦክስ (ተጨማሪው ክፍል) ለብቻው ይሸጣል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ፈቃድ እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁ።

መቶ ከሆነ ጨዋታው ሌላ ነው። እያንዳንዱ መኪና በሰከንድ እስከ 10 ጊዜ «እዚህ ነኝ» ይላል። ያኔ ከርቀቱ በላይ መልእክት የሚበላው ግርግሩ ነው። በሕንፃ የተጋረዱ ሁለት መኪኖች አንዱ ሌላውን ሳይሰማ እኩል ካወሩ፣ መሃል ያለው አንቴና የሁለቱንም ላይሰማ ይችላል። እዚህ ላይ የእኔ ምርጫ ቬይንስ ነው። ኦምኔት የተባለውን የኔትወርክ ማስመሰያ ሱሞ ከተባለው የጀርመን የትራፊክ ማስመሰያ ጋር ያጋባል። መኪናው ሲንቀሳቀስ ሲግናሉ ይለወጣል፤ «ከፊት አደጋ አለ» የሚል መልእክት ሲደርሰው ደግሞ መኪናው መንገድ ይቀይራል። የሕንፃ ግርዶሽንም ያሰላል። ካርታ ከኦፕንስትሪትማፕ ስለሚወስድ የአዲስ አበባውን የመገናኛ ሰፈር መንገዶች ማስገባት ትችላላችሁ። ብቻ የሱሞ ሾፌሮች ጨዋ ናቸው። «ወራጅ አለ» ሲባል መሃል መንገድ ላይ ቀጥ የሚል ሚኒባስ ከፈለጋችሁ ራሳችሁ አስተምሩት።

አንድ ወጥመድ አለው። ኦምኔት ነፃ የሆነው ለትምህርትና ለምርምር ነው። ለንግድ ሥራ ከሆነ ኦምኔስት የሚባለውን የሚከፈልበትን ፈቃድ መግዛት አለባችሁ።

ሌላው የኔትወርክ ማስመሰያ ኤንኤስ-3 ለድርጅትም ነፃ ነው። ሲ++ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ለማያውቅ ግን ያስለቅሳል። ከሱሞ የተቀዳ እንቅስቃሴ ያነባል፤ ቅጥያ ካልጨመራችሁ ግን መልእክቱ መኪናውን አያዞረውም። ጉልበቱ ሞባይል ኔትወርክ ላይ ነው፦ ኤልቲኢ (4ጂ) አብሮት ይመጣል፣ 5ጂ ይጨመርለታል። ለአሜሪካ ገበያ የምትሠሩ ከሆነ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የአሜሪካው የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኤፍሲሲ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ደንብ የመኪናው ሬዲዮ ከሞባይል ዘር ወደሆነው ሲ-ቪ2ኤክስ እንዲዞር ወስኗል። ለእሱም ኤንኤስ-3 ላይ የሚጫኑ ቅጥያዎች አሉ። የድሮ መመሪያ ይዛችሁ ግን አትጀምሩ፤ ዌቭ የሚባለው የቀድሞው የ802.11ፒ ክፍል ከአዲሶቹ ስሪቶች ወጥቷል።

ወዳጄ ያለበት አገር ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የጀርመኑ ቮልስዋገን ስምንተኛው ጎልፍ መኪና የሚያወራው በ802.11ፒ ነው። መኪናው መቶ፣ ሥራው የትምህርት፣ ኪሱም ባዶ። ቬይንስን ጫን አልኩት።