ስድስት ፓርቲ በአንድ ጥራዝ፦ ፔዳ አካባቢ የገዛሁት የምርጫ ሰነድ እንዴት አገለገለኝ?

ይህ ግምገማ የሚመለከተው በ2013 ዓ.ም. ከስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ አካባቢ ከሚገኝ አንድ አነስተኛ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የገዛሁትን ጥራዝ ነው። ጥራዙ የስድስት የፖለቲካ ፓርቲዎችን የምርጫ ማኒፌስቶ ያሰባሰበ፣ 214 ገጽ ያለው፣ በፕላስቲክ ስፓይራል የታሰረ ሲሆን የከፈልኩበት 250 ብር ነው። ከተገዛ ዓመታት ስላለፉት ዕቃ አሁን መጻፌ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለው ዕቃ የሚፈተነው በተገዛበት ሳምንት ሳይሆን የተመረጡት ሰዎች ወንበራቸው ላይ ከተቀመጡ በኋላ ስለሆነ፣ በጊዜው ጽፌው ቢሆን ኖሮ ግማሹን ዛሬ በተጸጸትኩበት ነበር።

ወደ ሱቁ የሄድኩት ለምርጫ ጉዳይ አልነበረም፤ የልጄን የልደት የምስክር ወረቀት ኮፒ ላስደርግ ነበር። ማሽኑ እስኪሞቅ ስጠብቅ፣ ድምፅ ማጉያ የተጫነበት መኪና በደጃፉ አለፈና የሱቁ ባለቤት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የምታንስ ወጣት ሴት፣ “ጋሼ፣ የሚመርጡትን ወሰኑ?” ብላ ጠየቀችኝ። “የቱን ልምረጥ ብለሽ ነው፣ ሁሉም ያው ነው” አልኳት። “አንብበዋቸው ነው?” አለችኝ። ጥያቄው ገበያ መሳቢያ እንደሆነ ባይጠፋኝም የምመልሰው አጣሁ።

እውነቱን ለመናገር፣ ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ከንጋት ጀምሮ የተሰለፍኩ ሰው ነኝ፤ ያን ቀን ማንን እንደምመርጥ ከቤቴ ስወጣ አውቅ ነበር። ከዚያ በኋላ በተደረጉት ሁለት ምርጫዎች ግን ማሰብም አላስፈለገኝም፤ በ2007ቱ ምርጫ 547ቱም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች በገዢው ግንባርና በአጋሮቹ እጅ ሲገቡ እኔ ውጤቱን በሬዲዮ ሰምቼ ምሳዬን ቀጥያለሁ። በ2013 ዓ.ም. ችግሬ የተለየ ነበር። አማራጭ አልጠፋም፤ ባጃጁም ግድግዳውም ፖስተር ለብሶ ነበር፤ ነገር ግን አንዱን ስሰማ ሌላው ይሻላል እላለሁ፣ ሌላውን ስሰማ ደግሞ ወደ መጀመሪያው እመለሳለሁ፣ በመጨረሻም በአንዱም ሳልረካ ሬዲዮኑን እዘጋለሁ። ጥራዙን የገዛሁት በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኜ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥራት ልናገር። የፊት ሽፋኑ ግልጽ ፕላስቲክ፣ የኋላው ጠንከር ያለ ካርቶን ነው። ስፓይራሉ ለገጹ ብዛት ጠበብ ስለሚል ጥራዙ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይተኛም፤ በእጅ ካልያዙት ራሱን ይዘጋል። የአንደኛው ፓርቲ ሰነድ ከወረቀት ላይ በስልክ ተነሥቶ የታተመ በመሆኑ በበርካታ ገጾች ግርጌ የፎቶ አንሺው አውራ ጣት ይታያል፤ ገጽ 87 ላይ እንዲያውም ስለ ጤና መድኅን የሚያወራውን የመጨረሻ መስመር ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ከገጽ 130 በኋላ ቶነሩ እያለቀ ስለሄደ “ይደረጋል” የሚለውን “ይደረግ” ከሚለው ለመለየት መስኮት አጠገብ መቀመጥ ያስፈልግ ነበር፤ ሁለቱ ቃላት ደግሞ በምርጫ ሰነድ ውስጥ እጅግ የተራራቁ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ግን በእኔ ቅጂ ከገጽ 41 እስከ 44 ያለው ጨርሶ አለመኖሩ ነበር። በማግስቱ ይዤ ስመለስ ባለቤቷ ያለ አንዳች ክርክር ገጾቹን አትማ፣ ስፓይራሉን ፈትታ በቦታቸው አስገባችልኝ፤ ተጨማሪ ሳንቲምም አልጠየቀችም። ደረሰኝ ከሌለህ አላውቅህም ለሚባል ሰው ይህ ትንሽ መስተንግዶ አይደለም።

የአደራደሩ ነገር ግን አስደስቶኛል። ሰነዶቹ የተቀመጡት በፓርቲዎቹ ትልቅነትም ሆነ በፊደል ተራ አልነበረም። ምክንያቱን ስጠይቃት፣ “ጋሼ፣ እኔ ገጽ መቁጠር ነው የማውቀው፤ ከአጭሩ ወደ ረጅሙ ደረደርኳቸው፣ ማንም አይቀየመኝም” አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ገለልተኝነት በዚያ ሰሞን አላየሁም። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የፓርቲዎቹ ስምና የመወዳደሪያ ምልክታቸው በሠንጠረዥ ሰፍሯል፤ አምፖሉም ሚዛኑም በደበዘዘው ቅጂ ለመለየት ቢያስቸግሩም፣ በድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ ብዙ መራጭ ዓይኑ የሚያርፈው በምልክቱ ላይ ስለሆነ ሠንጠረዡ አስፈላጊ ነበር። ጎደሎው የርእስ ማውጫ አለመኖሩ ነው። ስለ አንድ ጉዳይ ስድስቱ ምን እንዳሉ ጎን ለጎን ማየት የሚፈልግ ሰው ማውጫውን ራሱ መሥራት አለበት፤ እኔም ከልጄ ደብተር ገጽ ቀድጄ ሠራሁ።

ሁሉንም ለማንበብ ሞክሬ በሁለተኛው ቀን ተውኩት። “ትኩረት ተሰጥቶት ይሠራል” የሚለውን ሐረግ መቁጠር ጀምሬ ሃያ ላይ ስደርስ እርሳሴን አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያነበብኩት በሚገባ ስለማውቀው አንድ ጉዳይ ብቻ ነው፤ እርሱም ጣና ነው። የባለቤቴ ቤተሰቦች ፎገራ ላይ ሩዝ ያመርታሉ፤ ሐይቁ ሞልቶ ሲሸሽ እምቦጩን ማሳቸው ላይ ጥሎላቸው ስለሚሄድ፣ ለእነርሱ አረሙ የጋዜጣ ወሬ ሳይሆን በየዓመቱ በወገብ ተጎንብሶ የሚለቀም ሥራ ነው። አረሙ በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረበት ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ በእጅ ተለቅሟል፣ በማሽንም ታጭዷል፤ ዘሩ ግን ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ ተመልሶ ይመጣል። የሚመግበውም በግልገል ዓባይ፣ በጉማራ፣ በርብና በመገጭ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ማዳበሪያ፣ እንዲሁም ከከተሞቹ የሚወርደው ፍሳሽ ነው። ስለዚህ ስለ እምቦጭ ከልቡ የሚያስብ ሰነድ ስለ አረሙ ብቻ ሳይሆን ስለ ላይኛው ተፋሰስና ስለ ከተማ ፍሳሽ መናገር ይኖርበታል፤ ይህን የማያነሣ ሰነድ ስለ ሌላው ነገርም በዚያው መጠን የተጻፈ ነው ብዬ ገመትኩ።

በእርሳስ ሦስት ነገሮችን ብቻ አከበብኩ፦ ማን ይሠራዋል፣ እስከ መቼ፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል። በእኔ ቅጂ ውስጥ ስለ ሐይቁ ብዙ ገጽ የጻፈው ሰነድ አንድም ክብ ሳያገኝ ሲቀር፣ በአንድ አንቀጽ ያለፈው ሌላ ሰነድ ሁለት አገኘ። የማንን እንደሆነ አልጽፍም፤ ይህ የሱቅ ዕቃ ግምገማ እንጂ ቅስቀሳ አይደለም፤ ደግሞም የእኔ ጉዳይ ሐይቁ ሆነ እንጂ የሌላው ሰው ጉዳይ ትምህርት ቤት ወይም የኑሮ ውድነት ቢሆን ክቡ ሌላ ቦታ ሊወድቅ ይችላል።

ከሁሉ በላይ ያገለገለኝ ግን ሻጯም ያላሰበችው ጥቅም ነበር። ሰፊውን ኅዳግ ተጠቅሜ በየአረፍተ ነገሩ አጠገብ “ፌ” ወይም “ክ” እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። በሕገ መንግሥቱ መሠረት የመሬትና የተፈጥሮ ሀብት አጠቃቀም ሕግ የሚያወጣው የፌዴራሉ መንግሥት ሲሆን፣ በዚያ ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ፓርቲዎቹ ግን ሁሉንም በአንድ ድስት ከተው “እናደርጋለን” ይላሉ። በምርጫው ዕለት ደግሞ ለመራጩ የሚሰጡት ወረቀቶች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት፣ ሌላው ለክልሉ ምክር ቤት። ተስፋዎቹን በዚህ መንገድ ስለያቸው፣ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የማያሳምነኝ ፓርቲ ለክልሉ ምክር ቤት ከሌሎቹ የተሻለ ነገር እንደጻፈ አየሁ። ሁለቱንም ወረቀት ለአንድ ፓርቲ የመስጠት ግዴታ እንደሌለብኝ እስከዚያ ቀን አለማሰቤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

አማቼ በዚህ ሁሉ ይስቅብኝ ነበር። የእርሱ ሐሳብ ወረቀቱን ባዶውን ኮሮጆ ውስጥ መክተት ነበር፤ “እኔን የሚመስል የለም ማለቴ ይታወቅልኝ” ይል ነበር። ቁጣው ይገባኛል፤ ነገር ግን በእኛ የምርጫ ሥርዓት በአንድ የምርጫ ክልል ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያለው ድምፅ ያገኘ መቀመጫውን ይይዛል፤ ባዶው ወረቀት ዋጋ አልባ ተብሎ ይቆጠርና የአሸናፊውን ወንበር ንቅንቅ አያደርገውም። ይህን ስነግረው “ታዲያ የማላምንበትን ልምረጥ?” አለኝ። እኔም ለቤት ጥበቃ ሠራተኛ ሲቀጥር ሰውየውን አምኖ እንደሆነ ወይስ ዋስ ጠይቆ እንደሆነ ጠየቅሁት። ዝም አለ፤ ምን እንዳደረገ ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።

አሁን ወደ ጥራዙ ትልቅ ጉድለት ልመለስ። በ214 ገጽ ውስጥ የአንድም እጩ ስም የለም። ሕገ መንግሥቱ የምክር ቤት አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች መሆናቸውንና የሚገዙትም ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ብቻ መሆኑን በአንቀጽ 54 ይደነግጋል፤ ወረቀቱ ላይም የሚቀርበው ሰው ነው። በሌላ በኩል አብላጫ መቀመጫ ያገኘው ፓርቲ ወይም ፓርቲዎች መንግሥት ስለሚመሠርቱ፣ “ለሰውየው ነው የመረጥኩት” የሚል መራጭ ሳያስበው ጠቅላይ ሚኒስትርም መርጦ ይመለሳል። መራጩ ሁለቱን በአንድ ላይ መመዘን አለበት፤ ጥራዙ ግን የሚረዳው በአንደኛው ብቻ ነው። ሱቋ ሠንጠረዡ ላይ የባሕር ዳር እጩዎችን፣ የግል ተወዳዳሪዎችንም ጨምሮ፣ ብታሰፍር ኖሮ ሌላ 50 ብር ጨምሬ በከፈልኩ ነበር።

በመሆኑም እጩዎቹን ራሴ ፈለግኋቸው። አንደኛውን ያገኘሁት በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን በኩል ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ፣ በራሪ ወረቀት ሲያድል ነው። ጥራዙን ከፍቼ የፓርቲውን አንቀጽ አሳየሁትና የከተማችን ፍሳሽ በማን በጀት እንደሚጣራ ጠየቅሁት። ንግግር ይጀምራል ብዬ ስጠብቅ አንቀጹን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ “ይህን አላውቅም፤ ጠይቄ እነግርዎታለሁ” አለኝ። በሦስተኛው ቀን ደወለልኝ። መልሱ ሙሉ አልነበረም፤ የእኔም ግምት ጥቂት ከፍ ያለው በመልሱ ሳይሆን በስልኩ ነው። ሌላኛው እጩ ያንኑ ጥያቄ ስጠይቀው ስለ ታሪካችን ለሩብ ሰዓት ያህል ነገረኝ።

በዚያ ምርጫ ድምፅ ከሚሰጥበት ዕለት በፊት የነበሩት አራት ቀናት ቅስቀሳ የቆመባቸው የጥሞና ቀናት ነበሩ። ጥራዙ ዋጋውን ያወጣው በእነዚያ ቀናት ነው፤ የድምፅ ማጉያው ጩኸት ሲያቆም በእጄ የቀረው ወረቀቱ ብቻ ነበር። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በሁለቱ ወረቀቶች ላይ ለሁለት የተለያዩ ወገኖች ምልክት አድርጌ ወጣሁ። በደስታ አልነበረም፤ ነገር ግን ለምን እንዳደረግሁት በእርሳስ የተጻፈ ምክንያት ነበረኝ።

ውጤቱ ሲገለጽ ገዢው ፓርቲ ምርጫ ከተካሄደባቸው 436 የፌዴራል መቀመጫዎች 410 ማግኘቱ ተነገረ፤ ለተቃዋሚዎችና ለግል ተወዳዳሪዎች የደረሳቸው ጥቂት ነው። ይህን ቁጥር አይቶ “ታዲያ ያ ሁሉ ንባብ ለምን?” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። የጥራዙ ሁለተኛ አገልግሎት የጀመረው ግን ከዚያ በኋላ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በጾም ወቅት፣ ከመደርደሪያ አውርጄ የአሸናፊውን ሰነድ ክቦች ብቻ እመለከታለሁ፤ የሆነውን በሰማያዊ፣ ያልሆነውን በቀይ ብዕር አሰምርበታለሁ። የቀዩ ብዛት አያስደንቀኝም። የሚያስደንቀኝ ክብ ያልተደረገባቸውን ዓረፍተ ነገሮች ሆኑ ወይም አልሆኑም ማለት አለመቻሌ ነው፤ “ይጠናከራል” ለተባለ ነገር ቀይም ሰማያዊም ብዕር አይሠራም።

ጥራዙን ለማን እመክራለሁ? ፓርቲ ያለው ሰው ገንዘቡን ባያባክን ይሻለዋል፤ የሌሎቹን አምስቱን አያነብም። ጥራዙ ራሱ እንዲያሳምነው የሚጠብቅ ሰውም ያዝናል፤ እኔ ከስድስቱ በአንዱም አልተማረክሁም፣ ዛሬም አልተማረክሁም። አንድ የራሱ ጉዳይ ያለውና ስለዚያ ጉዳይ ከካድሬው የተሻለ የሚያውቅ ሰው ግን፣ የዓሣ አስጋሪ ይሁን የመምህር ወይም የባጃጅ ሾፌር፣ በሁለት ምሽት የሚፈልገውን ያገኝበታል። ለዕቃው ጥራት ከአምስት ሁለት፣ ለሐሳቡ አራት፣ ለመስተንግዶው አምስት ሰጥቻለሁ።

በቅርቡ ወረቀት ልገዛ ስገባ ባለቤቷ ለቀጣዩም ምርጫ ጥራዝ እንደምታዘጋጅ ነገረችኝ። ማውጫና የእጩዎች ሠንጠረዥ እንድትጨምር፣ ስፓይራሉንም አንድ ቁጥር ከፍ እንድታደርገው ነግሬያታለሁ። የእኔን ቅጂ ከነማስታወሻው ለናሙና እንዳውሳት ስትጠይቀኝ ግን እምቢ አልኳት፤ ቀዩን ማስመሬን ገና አልጨረስኩም።